ከድሬዳዋ ሐረር በአንድ ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለስብሰባ፣ ለሠርግ ወይም ለቁልቢ ድሬ የመጣ ሰው አንድ ቀን ሲተርፈው መጀመሪያ የሚያስበው ሐረርን ነው። ታዲያ ስልክ ተደውሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አድርገን አስቀምጠናል። ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት፤ ቀኑ በደንብ ይጠቅማችኋል።

በአንድ ቀን ሐረርን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ሁሉንም ማየት ግን አይቻልም።

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ 48 ሄክታር ብቻ ነው። በካርታ ላይ ሲታይ በአንድ ሰዓት ዞሮ የሚጨረስ ይመስላል። ነገር ግን በዚያች ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች፣ ማለትም ሰዎች ለጸሎት የሚጎበኟቸው የቅዱሳን መታሰቢያዎች፣ አሉ። ከመስጊዶቹ ሦስቱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ስለዚህ ነው።

የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ቀኑን አትበታትኑት። ጠዋት ጁገልን በእግር፣ ከሰዓት አንድ የተፈጥሮ ቦታ ብቻ፣ ማታ ከግንቡ ውጭ የጅብ ማብላቱን። ሰዎች ባቢሌንም፣ ኮረሚንም፣ ቁልቢንም በአንድ ቀን እንጨርስ ሲሉኝ ሁልጊዜ እከራከራለሁ። እንደዚያ የተኬደ ቀን የሚያልቀው መኪና ውስጥ ነው። ጁገል ደግሞ ከመኪና ላይ አይታይም።

ስንት ሰዓት እንነሳ? መንገዱስ እንዴት ነው?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከድሬ ውጡ። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው፤ ቢሆንም ዳገቱ ስላለ፣ ቆም እያላችሁም ስለምታዩ፣ ሁለት ሰዓት ያዙለት።

ይህን መንገድ እንደ መሸጋገሪያ ብቻ አትቁጠሩት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ የደንገጎ ዳገት ይጀምራል፤ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ያወጣችኋል። የድሬ ሙቀት በመስኮት ሲቀንስ ይታወቃችኋል። ሹፌሩን ከላይ ደህና ቦታ እንዲያቆም ጠይቁትና ወደ ኋላ ተመልከቱ። ሜዳው ከነከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ የቆመው፣ ሐረርንም ትቶ ያለፈው፣ አሁን በወጣችሁበት ተራራ ምክንያት ነው። ድሬዳዋ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተብላ የተቆረቆረችውም ያኔ ነው።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ቀኙ ወደ ቁልቢና አዲስ አበባ፣ ግራው ወደ ሐረር ነው። በግራው ስትሄዱ አዴሌን አልፋችሁ ሐረማያ ትደርሳላችሁ። ሐይቁ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ቁሙ። ይህ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ለከተማ መጠጥ ተቀዳ፣ ከተራራው የሚታጠበው ደለልም ሞላው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ወፎቹም አብረው መጥተዋል። ደርቆ ሜዳ ሆኖ ያየነው ሰዎች ዛሬ ውሃ ሲያንጸባርቅ ስናይ ደስታችን ልዩ ነው። እባካችሁ ፕላስቲክ አትጣሉበት።

ከዚያ አወዳይ አለ፤ ትልቁ የጫት ገበያ። መንገዱ ይጨናነቃል፣ ታገሡ። ሐረር ከዚያ ቅርብ ናት።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ዝናብ የለም፤ ድሬም አይጠብሳችሁም። ሐረር ራሷ ዓመቱን ሙሉ ነፋሻ ናት።

ሦስት ነገር ግን ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። መኪናም አልጋም አይገኝም፤ መንገዱም በምዕመናን ይሞላል። ረመዳን ላይ ጁገል ቀን ጭር ይላል፣ ምግብ ቤቶችም ይዘጋሉ። ማታው ግን ሞቅ ያለ ነው። ሦስተኛው ሸዋሊድ ነው፤ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ ሰሞን መምጣት ከቻላችሁ ሌላ ጊዜ አትምረጡ። ማታውን በዚክር፣ ማለትም በመንፈሳዊ ዜማ፣ እና በከበሮ ሲያመሹ ታያላችሁ፤ ልጃገረዶቹ ለብሰው፣ ወጣቱ ተሰብስቦ፣ ከተማው በሙሉ ውጭ ነው።

አስጎብኚ ግድ ነው? ራሳችን ብንዞርስ?

ክልከላ የለም። መግባትም መዞርም ትችላላችሁ። እኔ ግን ያዙ እላለሁ።

አንደኛ፣ ጁገል ውስጥ ከ360 በላይ መተላለፊያዎች አሉ ይባላል። አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። መጥፋቱ ክፉ አይደለም፤ ተጠይቆ ይወጣል። ግን አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ሰዓቱ ያልቃል። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት በሮቹ ናቸው። ከውጭ የምታዩት ነጭ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ነው፤ ውበቱ ከግቢው ውስጥ ነው። በሩን አንኳኩቶ "ቤት ለእንግዳ?" ሊል የሚችለው እዚያው ያደገ ሰው ነው። አስጎብኚያችን እማማን በስም ጠርቶ፣ ጤና ጠይቆ፣ ከዚያ ነው እናንተን የሚያስገባው።

ከቱሪዝም ቢሮ የተሰጠ መታወቂያ እንዳለው ጠይቁ። ክፍያውን ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ መከራከር ለሁለቱም ወገን አያምርም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማልኛ በአንድ ጎዳና ላይ ሲቀያየሩ ትሰማላችሁ፤ አስጎብኚው አራቱንም ቢችል አይግረማችሁ።

ጁገል ውስጥ ምን እናያለን?

ግንቡን በመጀመሪያ። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማው ሰው ዘንድ የሚታወቀው የሐረር ገዥ የነበረው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠራው ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በመኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። ከግንቡ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ማታ ጅቦች ወደ ከተማው የሚገቡት በእነሱ ነው። አጥንትና የተጣለ ምግብ ለቅመው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ።

ከሐረር በር ቀጥ ብላችሁ ስትገቡ ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ነው። የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ቦታ በግብፆች ዘመን መስጊድ ነበር። ግብፆች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘዋት ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1879፣ ጨለንቆ ላይ ውጊያ ተደርጎ ከተማዋ በምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኮንንም ገዥ ሆነው ተሾሙ። በእነዚህ አሥር ዓመታት የሆነው ነገር ዛሬም በከተማው ሰው አንደበት ላይ አለ። አስጎብኚያችሁ ሲተርክ ጆሮ ስጡት፤ ሰው እንደ ቤቱ ታሪክ አድርጎ ነው የሚነግራችሁ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ማሽናቸውን ደርድረው ይሰፋሉ፤ ድምፁ ነው ስሙን የሰጠው። ጨርቅ ገዝታችሁ ጠዋት ብትሰጡ ከምሳ በኋላ ተሰፍቶ ይጠብቃችኋል። ግድር መጋላ ስትደርሱ ሥጋ ተራው ላይ ቀና በሉ። ጭላቶቹ ጣራው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ቁራጭ ሥጋ ወደ ላይ ከያዛችሁ ከእጃችሁ ላይ ነጥቀው ይሄዳሉ።

ሸሪፍ ሐረር ሙዚየምን አትለፉት። ቤቱ የራስ ተፈሪ ቤት ነው የሚባለው። ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ትመታቸው የነበሩ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥ፣ ሰይፍ፣ ስፌት፣ የተቀዱ አሮጌ ዘፈኖች አሉበት። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጥረት ከየቤቱ የተሰበሰበ ነው። ለእኔ በሐረር አንድ ሙዚየም ብቻ እዩ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ጃሚዕ መስጊድንና የአሚር ኑርን አረንጓዴ ጉልላት በመንገዳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ገጣሚው ራምቦ "ራምቦ ቤት" ውስጥ ኖሯል?

ቤቱ ላይ ጥርጣሬ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው፤ በቡና፣ በቆዳና በጦር መሣሪያ ንግድ ሲመላለስ ቆይቷል። "ራምቦ ቤት" የሚባለው ግን አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፣ ገጣሚው ኖሮበታል ለማለትም ማስረጃ የለም። ቢሆንም ግቡ። ባለቀለም መስኮቶቹ፣ የተሳለው ጣራ፣ የድሮው ሐረር ፎቶግራፎች፣ ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የከተማው ገጽታ በቂ ምክንያት ነው።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ መግባት እንችላለን?

አዎ፣ የተወሰኑ ቤተሰቦች እንግዳ ይቀበላሉ። ጌይ ጋር ይባላል። የቀኑ ምርጥ ሰዓት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ አታጣድፉት።

ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ፊት ለፊት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የቤቱ አባወራ በሩን በደንብ በሚያይበት በአሚር ነደባ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌ፣ ልጅ፣ እንግዳ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። መደቡ ቀይ ነው የሚቀባው፤ በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን የተሸፈነ ነው። አንዱን ስፌት አውርደው ቢያሳዩአችሁ በጣታችሁ ዳሰሱት። አክርማው እንዴት ተጠብቆ እንደተጠቀለለ፣ ቀለሙ እንዴት ሳይዛነፍ እንደዞረ ታያላችሁ። እናት ለልጇ፣ ልጅ ለሠርጓ የሰፋችው ነው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ እቤት ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ጎን ላይ ደግሞ አዲስ ሙሽሮች የሚቆዩባት ጠባብ ክፍል አለች።

ስትወጡ ለቤተሰቡ ክፍያ መስጠት የተለመደ ነው። ቡና ከቀረበላችሁ ደግሞ "አይ፣ ቸኩለናል" አትበሉ።

ምን እንብላ?

ቁርስ ፈቲራ፤ በእንቁላል ወይም በማር። ምሳ ላይ ሁልበት ካገኛችሁ ጠይቁ፣ ከአብሽ የሚሠራ ነው። ሳምቡሳ በየመንገዱ አለ። ቡናውን ታውቁታላችሁ፤ የሐረር ቡና ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ደርቆ ስለሚፈለፈል ነው ያ የፍራፍሬ መዓዛ ያለው። ያልቀመሳችሁት ምናልባት ቁጢ ነው፦ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ለስለስ ያለ መጠጥ። ለቤት የሚወሰድ ሐላዋ ሳትገዙ አትውጡ፤ በተለይ የአዲስ አበባ ዘመድ ይጠይቃችኋል።

ከሰዓት የት እንሂድ? ዳካታ፣ ኮረሚ ወይስ ሐኪም ጋራ?

አንዱን ምረጡ።

ዳካታ ከባቢሌ አለፍ ብሎ በጅጅጋ መንገድ ላይ ያለ ሸለቆ ነው። ግዙፍ ቋጥኞች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ቆመዋል። አንዳንዱ ከሥሩ ቀጥኖ ከላይ ወፍሮ፣ ነፋስ የሚገፋው ይመስላል። ነፋስና ዝናብ ለዘመናት ለስላሳውን እየሸረሸሩ ጠንካራውን ትተው ነው እንዲህ የሆነው። ወጣት ከሆናችሁና ፎቶ የምትወዱ ከሆነ ወደዚያ ሂዱ። 8 ሰዓት ላይ ከሐረር ውጡ፤ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ድንጋዮቹ ቀይ ይሆናሉ። ሰኞና ሐሙስ ባቢሌ ላይ የግመል ገበያ አለ፤ እሱን ማየት የፈለገ ግን ጠዋት መድረስ አለበት። ከባቢሌ ለውዝ ግዙ።

ኮረሚ የአርጎባዎች መንደር ነው፤ ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ። ቤቶቹ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክበው የተሠሩ ናቸው። ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ከዳካታ ይበልጣል።

ሐኪም ጋራ ደግሞ ከሐረር አናት ላይ ነው። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ከያዛችሁ ሌላ አታስቡ። ጁገል በሙሉ፣ ከነሚናሬቶቹ፣ ከሥራችሁ ይታያል። ጠዋት ውስጡ የዞራችሁበትን መንገድ ከላይ በጣት ስትፈልጉት ሰዓቱ ሳይታወቅ ይሄዳል።

ዝሆን እናያለን?

በአንድ ቀን ጉዞ፣ አይመስለኝም። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሰፊ ክልል ነው። ዝሆኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ እነሱን ለማግኘት ከዱር ጠባቂ ጋር በእግር ረጅም መንገድ መሄድ ይጠይቃል። "ዝሆን አሳያችኋለሁ" ብሎ ለግማሽ ቀን የሚያስከፍላችሁ ካለ ተጠንቀቁ።

ጅቦቹ አያስፈሩም?

መጀመሪያ ላይ ያስፈራሉ። ሁሉም ሰው ይፈራል።

ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ይጀመራል። ጅብ የሚያበላው ሰው ሥጋ የያዘ ቅርጫቱን አስቀምጦ በየስማቸው ይጠራቸዋል። መጀመሪያ የምታዩት ዓይን ነው፤ በመኪና መብራት የሚያበራ ዓይን፣ ከጨለማው ውስጥ ሁለት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ብዙ። ኋላ እግራቸው ዝቅ፣ ትከሻቸው ከፍ ብሎ ይመጣሉ፤ ፀጉራቸው ነጠብጣብ አለው። ሰውየው ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ አድርጎ በአፉ ይይዛል። ጅቡ ቀስ ብሎ፣ እየተጠነቀቀ፣ ይወስድለታል። ከዚያ ተራው የእናንተ ነው። እንጨቱን በእጅ መያዝ በቂ ነው፤ ደፋር ከሆናችሁ በአፍ። ትንፋሹ ፊታችሁ ላይ ይሞቃል፣ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮአችሁ አጠገብ ትሰሙታላችሁ።

ሰውየው የሚላችሁን ብቻ አድርጉ። አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ ጅቡን ራሳችሁ ለመዳሰስ አትሞክሩ። ሕፃን ከወላጁ እጅ አይለይ። ባህሉ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ አይምሰላችሁ። ለእንግዳ በየማታው ማሳየቱ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ነው፤ ሐረሪዎች ግን በአሹራ፣ ማለትም በሙስሊሞች የመጀመሪያ ወር አሥረኛ ቀን፣ ለጅቦች ገንፎ ማቅረባቸው የቆየ ነገር ነው። ጅቡ ሲበላ አይተው የዓመቱን ሁኔታ ይገምቱበታል።

አለባበስና ፎቶ ላይ ምን እንጠንቀቅ?

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ቢይዙ ይመረጣል። መስጊዶቹን ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከውጭ ያያል። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በተለይ የገበያ ሴቶችን። እምቢ ካሉ ይቅር። ዓርብ ለጁምዓ ሱቆች ስለሚዘጉ ጉብኝቱን ከዚያ በፊት ጨርሱ። ጫማችሁ የሚያዳልጥ አይሁን፤ የመተላለፊያዎቹ ድንጋይ ተልጓል።

ማታ ወደ ድሬ እንመለስ ወይስ እንደር?

እደሩ። የደንገጎ ቁልቁለት በጨለማና በጉም አያስደስትም፤ ከባድ መኪናም ይበዛበታል። ግድ ከሆነ መንገዱን የሚያውቅ፣ ቀኑን ያረፈ ሹፌር ይሁን። ከማደሩ የምታገኙት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ጎህ ሲቀድ አዛኑ ከብዙ አቅጣጫ አንድ ላይ ሲነሳ ጁገል ውስጥ ሆኖ መስማት።

ዋጋው ምን ምን ያካትታል?

መኪና፣ ነዳጅና አስጎብኚ አንድ ላይ ይታሰባል። የሙዚየም መግቢያ፣ የባህላዊ ቤት ክፍያ፣ የጅቡ ክፍያ፣ ምግብና አልጋ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። ይህን ዝርዝር ከሚያስጎበኛችሁ ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና በቴሌግራም ጽፎ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ዝርዝር ብር፣ ያዙ።

መንገዱ ሰላም ነው?

በዋዜማው ጠይቁ። የድሬና የሐረር መንገድ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚመላለስበት ነው። ወደ ባቢሌና ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን የዕለቱን ሁኔታ ከአስጎብኚያችሁና ከሹፌራችሁ ሳታጣሩ አትውጡ። "ዛሬ ይቅር" ካሏችሁ አትከራከሩ፤ ሐኪም ጋራ አለላችሁ።

በማግስቱ ድሬ ላይ ግማሽ ቀን ቢኖረን?

ከዚራን በእግር ዙሩ፤ ባቡሩ የፈጠረው ሰፈር ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሚሰጥ። አሮጌው ለገሃር እዚያው ነው። የጥገና ክፍሉን ለማየት ከቢሮው ፈቃድ ጠይቁ፤ የፈረንሳይ ዘመን ማሽኖች አሉበት። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላና ቀፊራ ገበያ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተራራው ላይ ዝናብ የዘነበ ቀን ግን ጎርፉ በድንገት ይደርሳል፣ ስለዚህ አሸዋው ላይ አትቁሙ።

የጥንት ነገር የሚወድ ካለ ደግሞ ለገኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ከድሬ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ለእሱ ግማሽ ቀን ሙሉ ያስፈልጋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃና ኮፍያ ይዛችሁ ተነሱ።